ያልዳነ እግር፣ ያልተቋረጠ ውል፦ የሦስተኛ ወገን መድን ታሪክ

አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ በጄሶ ታስሯል። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት መኪና እንዳይነዳ መክሮታል። በአምስተኛው ሳምንት ግን ሥራው ሊያመልጠው ሆነና ቁልፉን አነሣ። ፍሬኑን በጊዜ መርገጥ ተስኖት መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጨ። አረቦኑ ተከፍሏል፤ የመድን ውሉም አልተቋረጠም። ካሳውን ማን ይከፍላል?

ጥያቄው በጨዋታ መካከል ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ሐኪም ከከለከለው ኢንሹራንሱ አይከፍልም» የሚል ነው። መልሱ ግማሽ እውነት አለው፤ ግማሹ ግን አደገኛ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የሚመነጨው ሁለት የተለያዩ ሰዎችን እንደ አንድ ከመቁጠር ነው። አሽከርካሪው ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል አለው፤ የተገጨችው ሴት ግን የማንም ተዋዋይ አይደለችም። ውሉ ሲጻፍ አልነበረችም፤ በውስጡ የሰፈረውንም አታውቅም፤ የአሽከርካሪው እግር ስለ መዳን አለመዳኑ ልትጠይቅ የምትችልበት ዕድል አልነበራትም። የአሽከርካሪው ጥፋት የእርሷን ካሳ ሊያስቀር ይገባልን? ዛሬ የብዙ አገሮች ሕግ «አይገባም» ይላል። ይህ መልስ ግን በአንድ ጊዜ የተገኘ አይደለም። ወደ አንድ ምዕተ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ወስዷል፤ በአንዳንድ ቦታም ገና አልተሟላም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ከመርከብ ወደ መኪና

የዘመናዊ መድን ሕግ የተቀረጸው በባሕር ንግድ ነው። በ1766 በለንደን ፍርድ ቤት ሎርድ ማንስፊልድ የዳኙት አንድ ክርክር ነበር። በሱማትራ ደሴት የሚገኝ የእንግሊዝ ምሽግ ገዥ፣ ምሽጉ በጠላት ቢያዝ ካሳ የሚያስገኝለት መድን ገብቶ ነበር፤ ፈረንሳዮች ምሽጉን ያዙት። መድን ሰጪው «የምሽጉን ደካማነት ደብቀኸኛል» ብሎ ተከራከረ። ገዥው ቢረታም፣ ዳኛው በዚያ ጉዳይ ያስቀመጡት መርሕ ከክርክሩ በላይ ዘመን ተሻገረ። መድን በግምት ላይ የተመሠረተ ውል ነው፤ ለግምቱ የሚያስፈልገው መረጃ በአብዛኛው ያለው በመድን ገቢው እጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መድን ገቢው የሚያውቀውን ሁሉ በፍጹም ቅንነት መግለጥ አለበት። ካልገለጠ ውሉ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ይህ መርሕ በ1906 የብሪታንያ የባሕር መድን ሕግ ውስጥ ተጽፎ ጸና።

ከኢኮኖሚ አንጻር የማንስፊልድ መርሕ አስተዋይነት ያለው ነው። አንዱ ወገን የሚያውቀውን ሌላው በማያውቅበት ገበያ፣ ሐሰተኛው የእውነተኛውን አረቦን ያስወድዳል፤ በመጨረሻም እውነተኛው ከገበያው ይወጣል። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 ይህንኑ ችግር በአሮጌ መኪናዎች ገበያ ምሳሌ አስረድቶ፣ ኋላ በ2001 በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት ምሁራን አንዱ ሆኗል። ማንስፊልድ መፍትሔውን የሰጡት ከሁለት መቶ ዓመት ቀደም ብለው ነው።

ይሁን እንጂ የመርከብ መድን የሁለት ሰዎች ጉዳይ ነበር። መርከቡ ቢሰጥምና ውሉ ቢፈርስ የሚከስረው መረጃውን የደበቀው ባለመርከብ ራሱ ነው። የመኪና መድን ግን ሦስተኛ ሰው አመጣ። አሽከርካሪው ሕመሙን ቢደብቅና ውሉ ቢፈርስ፣ ቅጣቱ የሚያርፈው በተሰበረችው እግረኛ ላይ ነው፤ አሽከርካሪው ድኻ ከሆነ ደግሞ የሚያርፈው በእርሷ ላይ ብቻ ነው። ለሁለት ነጋዴዎች ፍትሕ የነበረው መርሕ ለመንገድ ሲውል ግፍ ሆነ።

ከ1925 እስከ 1934፦ የመድን ሰጪው በር ሲዘጋ

ይህን ለውጥ በሕግ ቀድመው ካወቁት አንዷ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ግዛት ነበረች። በ1925 ወጥቶ ከ1927 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ የዋለው ሕጓ እያንዳንዱ ባለመኪና የኃላፊነት መድን እንዲገባ አስገደደ። ሕጉ በዚህ አላበቃም። መድን ገቢው ውሉን ሲገባ የተናገረው ማናቸውም ነገር፣ የውሉን ሁኔታዎች መጣሱም ጭምር፣ የተጎዳውን ሰው ካሳ ሊያስቀር እንደማይችል ደነገገ። በአሽከርካሪው ሐሰትና በተጎጂው መብት መካከል ግድግዳ ቆመ።

ብሪታንያ ወደዚሁ የደረሰችው በሁለት እርምጃ ነው። በ1930 በብሪታንያ መንገዶች ላይ 7,305 ሰዎች ሞቱ። የዚያ ዓመት የመንገድ ትራፊክ ሕግ ለአነስተኛ መኪናዎች የነበረውን በሰዓት 20 ማይል የፍጥነት ገደብ አነሣ፤ በአንጻሩ ከጥር 1931 ጀምሮ የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ እንዲሆን አደረገ። ለእኛ ጥያቄ እኩል ክብደት ያለው ሌላም ነገር አመጣ፦ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ለማሽከርከር የሚያበቃ ጤንነት እንዳለው በፊርማው እንዲያረጋግጥ አዘዘ። የአሽከርካሪው አካል ከዚያ ጀምሮ የመንግሥትም ጉዳይ ሆነ።

ሕጉ ግን ቀዳዳ ነበረው። መድን እንዲገባ አዘዘ እንጂ ውሉ ውስጥ ምን ዓይነት ገደብ ሊጻፍ እንደሚችል በበቂ አልወሰነም። ድርጅቶቹ ርካሽ ውል እየሸጡ በጥቃቅን ጽሑፍ መውጫ ሊያበጁ ቻሉ፤ አሽከርካሪው የአካል ጉድለት ካለበት፣ መኪናው በደኅና ሁኔታ ላይ ካልሆነ፣ ከተወሰነ ሰዓት ውጪ ከተነዳ አንከፍልም ማለት ይቻል ነበር። የመድን ምስክር ወረቀቱ በኪስ አለ፤ ገንዘቡ ግን የለም።

በ1934 የሟቾቹ ቁጥር 7,343 ደረሰ። በአገሪቱ የነበሩት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ያኔ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል ያነሱ ነበሩ። ዛሬ ከ40 ሚሊዮን በላይ ተሽከርካሪ ባለበት አገር የዓመቱ ሟች ከ2,000 በታች መሆኑን ያሰበ ሰው የዚያን ዘመን ድንጋጤ ይረዳል። በዚያው ዓመት የወጣው ሁለተኛው የመንገድ ትራፊክ ሕግ ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው በመኖሪያ አካባቢ የ30 ማይል የፍጥነት ገደብንና የመንጃ ፈተናን በማምጣቱ ነው። በመድን ታሪክ ግን ትልቁ ሥራው ብዙ ያልተወራለት አንድ ዝርዝር ነው። ሕጉ መድን ሰጪ በሦስተኛ ወገን ላይ ሊያነሣቸው የማይችላቸውን ገደቦች አንድ በአንድ ቈጠረ። የመኪናው ሁኔታ፣ የተሳፋሪው ብዛት፣ የጭነቱ ክብደት፣ የጉዞው ሰዓትና ቦታ ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ከሁሉም በፊት የተጻፈው ግን የአሽከርካሪው ዕድሜ፣ የአካሉና የአእምሮው ሁኔታ ነው።

በመግቢያው ላነሣነው ሰው ትርጉሙ ግልጽ ነው። ውሉ «በሕመም ወይም በስብራት ጊዜ የተደረሰ አደጋን አይሸፍንም» ቢል እንኳ፣ ያ ቃል በተገጨችው ሴት ላይ ዋጋ የለውም። ድርጅቱ ይከፍላታል፤ ከዚያ በኋላ የከፈለውን ከራሱ ደንበኛ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ ድንጋጌ አሁን በሥራ ላይ ባለው በ1988ቱ ሕግም ውስጥ ቀጥሏል። ቃሉ ከእንግሊዝ አልፎ በቅኝ ግዛቶቿ ተሠራጭቷል፤ የጎረቤታችን የኬንያ የሦስተኛ ወገን መድን ሕግ የአሽከርካሪውን አካላዊና አእምሯዊ ሁኔታ የሚመለከተውን ገደብ ከሞላ ጎደል በዚያው አነጋገር ውድቅ ያደርጋል።

የዚህ ድንጋጌ ጥበብ አደጋውን ከማጥፋት ይልቅ ከሰው ወደ ሰው ማዛወሩ ነው። በሽተኛ አሽከርካሪን መርምሮ መለየት፣ አረቦኑን ማስተካከል፣ ሲያጠፋም ከስሶ ማስከፈል የሚችለው ድርጅቱ ነው። እግረኛዋ ከእነዚህ አንዱንም ማድረግ አትችልም። አሽከርካሪው ምንም ሀብት ባይኖረው ባዶ እጁን የሚቀረው ድርጅቱ ይሁን፤ ኪሳራውንም በሺዎች ደንበኞች መካከል ያካፍለው። ሕጉ የወሰደው አቋም ይህ ነው።

ሆኖም አንድ በር ሳይዘጋ ቀርቶ ነበር። በውሉ ውስጥ የተጻፈ የጤና ገደብ ዋጋ ቢያጣም፣ መድን ገቢው ማመልከቻውን ሲሞላ ጤናውን በሚመለከት ከዋሸ ድርጅቱ ውሉ ራሱ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችል ነበር። ውል ከሌለ የሚከፈል የለም። የድርጅቶቹ ማኅበር በ1946 ያቋቋመው የሞተር መድን ሰጪዎች ቢሮ መድን በሌላቸው አሽከርካሪዎች ለተጎዱ ሰዎች መክፈል በመጀመሩ ክፍተቱ በተግባር ጠበበ፤ በሕጉ ላይ ግን ቆየ። በ2017 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከፖርቱጋል በመጣ ጉዳይ ላይ በውል ምሥረታ ጊዜ የተነገረ ሐሰት የተጎጂውን መብት ሊያጠፋ እንደማይችል ወሰነ። ብሪታንያም ሕጓን አሻሽላ ከኅዳር 2019 ጀምሮ ከአደጋ በኋላ ውልን አፍርሶ ከተጎጂ ማምለጥን አስቀረች። ከ1934 እስከ 2019 ሰማንያ አምስት ዓመት ነው።

ገንዘብ ያለ መብት

እስካሁን የተተረከው ታሪክ የገንዘቡ ታሪክ ነው፤ የመብቱ ታሪክ ለብቻው ነው። የኃላፊነት መድን የሚከፍለው አሽከርካሪው በሕግ ኃላፊ ሲሆን ብቻ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግዛቶች ልማድ ደግሞ አሽከርካሪ ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ሲኖርበት ነው። ታዲያ አደጋውን ያደረሰው ድንገተኛ ሕመም ከሆነስ?

ሁለት የእንግሊዝ ፍርዶች የመልሱን ሁለት ገጽ ያሳያሉ። በ1980 በተዘገበው ጉዳይ የ73 ዓመት አዛውንት ቤታቸው ሳሉ በአንጎላቸው የደም መፍሰስ ያጋጥማቸዋል። ምን እንደ ሆኑ ሳይረዱ መኪናቸውን አስነሥተው ወጡ፤ በመንገድ ላይ ሌሎች ግጭቶችን አድርሰው በመጨረሻ የቆመ መኪና ገጭተው ሰው ጎዱ። ፍርድ ቤቱ ኃላፊ አደረጋቸው፤ መሪውን ፈጽሞ መቈጣጠር አቅቷቸው አልነበረምና፣ ደግሞም ደኅና አለመሆናቸው እየተሰማቸው መንዳት መቀጠል አልነበረባቸውም። በ1998 በተዘገበው ሌላ ጉዳይ ግን ዊታቢክስ የተባለው የእህል ምግብ አምራች 38 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና ከአንድ ሱቅ ጋር ተላተመ። አሽከርካሪው ሳያውቀው በቆሽቱ ላይ ባደገ ዕጢ ምክንያት የደሙ ስኳር ወርዶ አእምሮው ተዳክሞ ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ «ሕመሙን አላወቀም፤ ሊያውቅም አይችልም ነበር» በማለት ጥፋት የለበትም ሲል ወሰነ። ጥፋት ከሌለ ኃላፊነት የለም፤ ኃላፊነት ከሌለ መድኑ የሚሸፍነው ዕዳ አይኖርም። ባለሱቆቹ ከዚያ መኪና መድን ካሳ የሚያገኙበት መንገድ ተዘጋ።

ከዚህ የሚከተለው እንግዳ ውጤት ነው። እግሩ በጄሶ ታስሮ የነዳው ሰው ጥፋተኛ ስለ ሆነ፣ የተገጨችው ሴት ትካሳለች። ሳያውቀው ራሱን የሳተው ሰው ጥፋት ስለሌለበት፣ የተጎዳው አይካስም። የተጎጂዎቹ ስብራት አንድ ነው፤ ልዩነቱ የአሽከርካሪው ኅሊና የተሸከመው ዕውቀት ነው። በ1934 ገንዘቡ ከአሽከርካሪው ጠባይ ተላቀቀ፤ መብቱ ግን እንደ ታሰረ ቀረ።

ሥርዓቱ ዕውቀትን በቅጣት ሲከብብ ሰዎች ከማወቅም ከመናገርም ይሸሻሉ። በታኅሣሥ 2014 በስኮትላንዷ ግላስጎ የከተማው አስተዳደር የቆሻሻ መኪና ነጂ መሪው ላይ ራሱን ስቶ ስድስት ሰዎች ሞቱ። በ2015 የተካሄደው የሞት ምርመራ ሰውየው በ2010 በቆመ አውቶቡስ መሪ ላይ ራሱን ስቶ እንደ ነበርና ይህንንም ከአሠሪው፣ ከሐኪሞችና ከመንጃ ፈቃድ ሰጪው እንደ ደበቀ አረጋገጠ። እውነቱን ተናግሮ ቢሆን አደጋው ይቀር እንደ ነበርም ደመደመ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ተረት። እዚህ ግን በሽታውን ደብቆ መድኃኒት ያጡት ሌሎች ሰዎች ናቸው።

መብት ያለ ገንዘብ

የአህጉራዊው አውሮፓ ሕግ በሌላ መንገድ ሄዷል። ጀርመን በ1909 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንዲሆን ደነገገች፤ መድንን ግዴታ ያደረገችው ግን በ1939 ነው። በፈረንሳይ በሐምሌ 1985 የወጣውና በፍትሕ ሚኒስትሩ በሮቤር ባደንቴር ስም የሚጠራው ሕግ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት እንኳ በመንገድ አደጋ ተጎጂ ላይ መከላከያ እንዳይሆን አደረገ።

ኢትዮጵያ ከዚህ ቤተሰብ ናት። በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት ተዘጋጅቶ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። መሪውን የያዘው እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም ባለቤቱ አያመልጥም። በቁጥር 2086 ደግሞ ባለቤቱ «አላጠፋሁም» ወይም «አደጋውን ልከላከለው አልችልም ነበር» ብሎ ሊድን እንደማይችል ተጽፏል፤ የሚያድነው የተጎጂው የራሱ ጥፋት ነው። በዊታቢክስ ጉዳይ የተረታው ባለሱቅ ሱቁ አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ከእርሱ ጋር ነበር። በዚህ ረገድ የ1952ቱ ሕግ ከለንደኑም ከዋሽንግተኑም ለተጎጂ የቀረበ ነው።

ሐሳቡ ለአገሩ ሰው ፍጹም እንግዳ ላይሆን ይችላል። በብዙ የኢትዮጵያ ማኅበረሰቦች የደም ካሳ ወግ፣ በኦሮሞ ዘንድ ጉማ በሚባለውም፣ ሳይታሰብ የጠፋ ሕይወት ያለ ካሳና ያለ ዕርቅ አይታለፍም። «ሆን ብዬ አይደለም» ማለት ጠብን ያበርዳል እንጂ ዕዳን አይፍቅም። የባሕረ ሰላጤው አገሮች የዲያ ሕግም የሚራመደው በተመሳሳይ ጎዳና ነው።

ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ ሕግ መብቱን ሲሰጥ ገንዘቡን አላዘጋጀም። በ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ውል በሰፊው ተደንግጓል፤ ባለመኪናውን ሁሉ መድን እንዲገባ የሚያስገድድ ጠቅላላ ሕግ ግን አልተከተለም። በጥር 1975 ደርግ አሥራ ሦስቱን የመድን ኩባንያዎች ወረሰ፤ ንብረታቸውና ሥራቸው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ተጠቃለለ። የግል መድን ድርጅት እንደገና የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን የተጎጂው መብት በወረቀት ላይ ጠንካራ ሆኖ፣ ካሳው የተመሠረተው በባለመኪናው ኪስ ላይ ነበር። አንድ ታክሲ ብቻ ያለው ሰው ተፈርዶበት ታክሲውን ቢሸጥ ሁለት ቤተሰብ ይደኸያል።

የሦስተኛ ወገን መድን ለተሽከርካሪዎች ሁሉ ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ 48 ዓመት በኋላ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሻሽሎ ተተካ። አዋጁ ሁለት በጎ ነገር አለው። ተጎጂ ወደ ማንኛውም የሕክምና ተቋም ቢወሰድ አስቸኳይ ሕክምና ያለ ክፍያ ያገኛል፤ አዋጁ ሲወጣ መጠኑ እስከ 2,000 ብር ነበር፤ ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና ለተጎዳ ሰውም የመድን ፈንድ ተቋቁሟል። ድክመቱ ያለው በቁጥሩ ነው። አዋጁ ሲወጣ ለሞትም ሆነ ለአካል ጉዳት የተቀመጠው የመድኑ ጣሪያ 40,000 ብር ነበር፤ ለንብረት ጉዳት ግን 100,000 ብር። ከሰው ይልቅ መኪናው የከበደበት ሚዛን ነው።

በብር የተቈረጠ ጣሪያ ደግሞ ቆሞ አይቆይም። በ2005 ዓ.ም. 40,000 ብር በባንክ ምንዛሪ ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በወራት ውስጥ ያው ገንዘብ ከ400 ዶላር በታች ወረደ። ችግሩ የድኻ አገር ብቻ አይደለም። በካሊፎርኒያ ለአንድ ተጎጂ የሚገባው ዝቅተኛ መድን ከ1967 ጀምሮ 15,000 ዶላር ሆኖ ቆይቶ ወደ 30,000 ያደገው በጥር 2025 ነው። በእነዚያ 58 ዓመታት ውስጥ ሕጉን የሻረው አልነበረም፤ የዋጋ ንረት ግን ከውስጥ በልቶታል። ብሪታንያ ይህን ያስቀረችው ለአካል ጉዳት ምንም ጣሪያ ባለማኖር ነው።

ሂሳቡ ወደ አሽከርካሪው ሲመለስ

ወደ ጄሶው ሰው እንመለስ። የተገጨችው ሴት ተክሳለች። የእርሱስ መኪና? እዚህ ላይ የማንስፊልድ መርሕ አሁንም ሕያው ነው። በፈቃድ የተገባው የራስ መኪና ሽፋን የሁለት ተዋዋዮች ጉዳይ ስለ ሆነ፣ ድርጅቱ በውሉ መሠረት ሊቀንስበት ወይም ሊከለክለው ይችላል፤ ለተጎጂዋ የከፈለውንም ሊጠይቀው ይችል ይሆናል። በጨዋታ መካከል የሚሰማው መልስ እውነትነቱ በዚህ ግማሽ ላይ ነው።

በዚህም በኩል ግን ያለፉት ሃያ ዓመታት «ሁሉም ወይም ምንም» የሚለውን አሮጌ ፍርድ አለዝበዋል። ከጥር 2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጀርመን የመድን ውል ሕግ በከባድ ቸልተኝነት ላጠፋ ሰው ካሳው እንደ ጥፋቱ መጠን እንዲቀነስ እንጂ በሙሉ እንዳይነፈግ አድርጓል። በጀርመን የግዴታ መድን ሰጪ የውል ግዴታውን ከጣሰ ደንበኛ መልሶ የሚጠይቀውም በመደበኛው እስከ 5,000 ዩሮ ብቻ ነው። በብሪታንያ በ2012 የወጣው የሸማቾች መድን ሕግ ሆን ብሎ የዋሸውንና ሳይጠነቀቅ የተሳሳተውን ለየ፤ ለመጀመሪያው ውሉ ይፈርሳል፤ ለሁለተኛው የሚከፈለው በአረቦኑ ልክ ይመጠናል።

ይህ የቅጣት መለዘብ ቸርነት ብቻ ቢመስልም የመረጃ ፖሊሲም ነው። በብሪታንያ የተሰበረ እጁ ወይም እግሩ ከሦስት ወር በላይ ከመንዳት የሚያግደው ሰው ለመንጃ ፈቃድ ሰጪው ማሳወቅ አለበት። በአሜሪካ የፌደራል ደንብ የንግድ መኪና አሽከርካሪዎች ቢያንስ በየሁለት ዓመቱ የሕክምና ምርመራ እንዲያደርጉ፣ በጉዳት ወይም በሕመም የመሥራት ችሎታቸው የተዳከመባቸውም የምስክር ወረቀታቸው ጊዜ ሳያልፍ እንኳ እንደገና እንዲመረመሩ ያዛል። ደንቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በተግባር ግን በየቀኑ የሚፈተነው እንደ ዋሽንግተን ባሉ ከተሞች ታክሲ በሚነዱና በአገሪቱ አውራ ጎዳናዎች ላይ ትልልቅ የጭነት መኪና በሚያሽከረክሩ ሰዎች ቤት ነው፤ ከእነርሱም መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። የራሱን መኪና በብድር የገዛ ሰው ትከሻው ቢሰበር የወር ክፍያው አይቆምለትም። የሕመም ፈቃድ ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪም የለውም። እንዲህ ላለው ሰው እውነትን መናገር ማለት የስድስት ሳምንት ገቢን ማጣት ነው፤ መደበቅ ግን በአብዛኛው ቀን ምንም አያስከፍልም። በሚያስከፍልበት ቀን የሚያስከፍለው ሁሉንም ነው።

መንግሥታት ይህን ሚዛን ለማስተካከል ሲያስቡ ብዙ ጊዜ የሚቀናቸው ቅጣትን ማክበድ ነው። ያለፈው ምዕተ ዓመት ታሪክ ግን ሌላ ትምህርት አለው። ማስፈራሪያው በተጎጂው ካሳ መጥፋት በኩል ሲመጣ፣ ንጹሑ ይቀጣል፤ አሽከርካሪው ግን መንዳቱን አያቆምም። በአሽከርካሪው ሙሉ መክሰር በኩል ሲመጣ ደግሞ አሽከርካሪው ከሐኪም ይሸሻል። ከመሪው ጀርባ ያለውን ሕመም የሚያወጣው፣ መናገር ከመደበቅ ያነሰ ዋጋ ሲኖረው ነው፦ የገቢ ማቋረጫ መድን በርካሽ ሲገኝ፣ አሠሪ ነጂውን ለጊዜው ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር ሲችል፣ መንጃ ፈቃድ ከሕመም በኋላ ያለ ብዙ ውጣ ውረድ ሲመለስ።

ለኢትዮጵያ ሕግ አውጪ ከዚህ የሚተርፉት ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የ1952ቱ ሕግ ያለ ጥፋት የሰጠውን ኃላፊነት ያህል የግዴታ መድኑ ሊሸፍን አይገባምን? የመብቱ ስፋትና የገንዘቡ ስፋት ካልተገናኙ ልዩነቱን የሚከፍለው ወይ ተጎጂው ወይ የአንድ መኪና ባለቤት ነው። ሁለተኛው፣ ጣሪያው በየዐሥር ዓመቱ አዲስ ደንብ ከሚጠብቅ ይልቅ ከዋጋ ግሽበት ጋር አብሮ እንዲነሣ ለምን አይደረግም? አንድ ጊዜ ማንሣት የአንድ ጊዜ መድኃኒት ነው። ሦስተኛው፣ ታሞ ለማረፍ አቅም የሌለው የሚኒባስ ነጂ፣ ሕመሙን ቢናገር በዚያው ቀን ምን ይበላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች የሕግ ባለሙያና የሂሳብ ሊቅ ተቀምጠው ሊመልሷቸው ይችላሉ። ሦስተኛው ሳይመለስ ግን እግሩ ያልዳነው ሰው በአምስተኛው ሳምንት ቁልፉን ማንሣቱ አይቀርም።